ከቆቦ የማሽላ ማሳ እስከ ካንሰር ዕጢ፡ ሕዋስን አንድ በአንድ የማንበብ ጥበብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከወልድያ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው በተራሮች መካከል የተዘረጋውን የራያ ቆቦን ሜዳ ያገኛል። ሜዳው የማሽላ አገር ነው። ከሩቅ ለሚመለከተው እንግዳ ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለዋል፤ ባለቤቱ ገበሬ ግን እንዲህ አድርጎ አያየውም። ደጋሊቱን ከጅጉርቲው ይለያል፤ ፈጥኖ የሚደርሰውን፣ ድርቅን የሚችለውን፣ ለእንጀራ የሚስማማውን ያውቃል። በማሽላው ሥር ተጠግታ ያማረ ሐምራዊ አበባ የምታወጣውን፣ ነገር ግን የማሽላውን ምግብ ከሥሩ የምትመጥጠውን አቀንጭራን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ያውቃታል።

አንድ ሰው የዚህን ማሳ ጠባይ ለመረዳት ፈልጎ ደጋሊቱንም፣ ጅጉርቲውንም፣ አረሙንም በአንድነት አጭዶ ቢያስፈጭና ዱቄቱን ብቻ ቢመረምር ምን ያገኛል? ዱቄቱ ምን ያህል ስታርችና ፕሮቲን እንዳለው ይነግረዋል። የትኛው ዝርያ ስንት እንደ ነበረ፣ አቀንጭራዋ የትኛውን አገዳ እንደ ተጠጋች፣ የትኛው አገዳ እንደ ተቋቋማት ግን ፈጽሞ ሊነግረው አይችልም። ሁሉም ተደባልቆ አንድ አማካይ ሆኗልና።

የካንሰር ዕጢ የዘረ መል ምርመራ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ እንዲህ ባለ መንገድ ይደረግ ነበር። ከዕጢው የተቆረጠው ሥጋ ይፈጫል፤ በውስጡ ያሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ተደባልቀው በአንድነት ይነበባሉ። ይህ መንገድ ብዙ አስተምሯል፤ ብዙም ደብቋል። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የተስፋፋው አዲሱ ጥበብ ግን እያንዳንዱን ሕዋስ ለብቻው ያነብባል። ይህ ጽሑፍ የነጠላ ሕዋስ ንባብ ምን እንደ ሆነ፣ ስለ ዕጢና ስለ ሰውነታችን መከላከያ ምን እንዳሳየ፣ ከእኛም አገር ሕሙማን ጋር በምን እንደሚገናኝ ለምእመናን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕጢ የብዙዎች ሰፈር ነው

የሰው አካል ከ30 ትሪሊዮን በላይ በሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሁሉም ከአንድ ሕዋስ ተባዝተው የመጡ በመሆናቸው በውስጣቸው ያለው የዘረ መል መጽሐፍ በጥቅሉ አንድ ነው። ይህ መጽሐፍ ዲኤንኤ ይባላል፤ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉ 20 ሺህ ያህል ዘረ መሎችንም ይዟል። የዓይን ሕዋስ ከጉበት ሕዋስ የሚለየው የተለየ መጽሐፍ ስላለው ሳይሆን ከአንዱ መጽሐፍ የተለያየ ገጽ ስለሚያነብብ ነው። አንድ ሕዋስ አንዱን ዘረ መል በሚጠቀምበት ጊዜ የዚያን ገጽ ቅጂ ያወጣል፤ ይህ ቅጂ አር ኤን ኤ ይባላል። ስለዚህ በአንድ ሕዋስ ውስጥ የሚገኙትን ቅጂዎች ያነበበ ሰው ያ ሕዋስ ምን ዓይነት እንደ ሆነና በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንዳለ ያውቃል።

ካንሰር የሚጀምረው በአንድ ሕዋስ መጽሐፍ ውስጥ ስሕተት ሲገባና ሕዋሱ መባዛቱን ማቆም ሲሳነው ነው። ሲባዛም ስሕተቱ እየጨመረ ስለሚሄድ ከአንዱ ሕዋስ የወጡት ልጆች እርስ በርሳቸው እየተለያዩ ይመጣሉ። ከዚህም በላይ ዕጢ የካንሰር ሕዋሳት ብቻ የተከማቹበት አይደለም። በውስጡ ምግብና ኦክስጅን የሚያመላልሱ የደም ሥሮች፣ እንደ ድርና ማግ ሆነው የሚደግፉ የሕብረ ሕዋስ ሠሪዎች፣ ደግሞም በሽታውን ለመዋጋት የመጡ የመከላከያ ሕዋሳት አሉ። ሐኪሞች ይህን ሁሉ በአንድነት የዕጢው አካባቢ ይሉታል። ከመከላከያ ሕዋሳቱ ጥቂቶቹ በእርግጥ ይዋጋሉ፤ ሌሎቹ ደክመው ቆመዋል፤ ሌሎች ደግሞ በካንሰሩ ተታልለው ጠላታቸውን የሚያገለግሉ ሆነዋል። በጅምላ ንባብ ይህ ሁሉ ልዩነት እንደ ዱቄቱ ተደባልቆ ይጠፋል።

ሕዋስ ለብቻው የሚነበበው እንዴት ነው?

የነጠላ ሕዋስን የአር ኤን ኤ ቅጂዎች በስፋት ማንበብ የተጀመረው በ2009 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሥራ የተከናወነው በአይጥ ፅንስ ሕዋስ ላይ ነበር። በ2011 ደግሞ ኒኮላስ ናቪንና ባልደረቦቹ ከአንድ የጡት ካንሰር ዕጢ 100 ሕዋሳትን ለይተው ዲኤንኤያቸውን በማንበብ፣ በአንዱ ዕጢ ውስጥ እርስ በርሳቸው የተለያዩ የካንሰር ነገዶች እንዳሉ አሳዩ። በዚያን ጊዜ ሕዋሳትን አንድ በአንድ መልቀም እጅግ አድካሚ ነበር። በ2015 የታወጀው የጠብታ ስልት ግን በአንድ ቀን ሺህዎችን ለማንበብ አስቻለ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሕመምተኛው የተወሰደው ትንሽ ሥጋ ሕዋሳትን አጣብቆ የያዘውን ማያያዣ በሚፈታ ኢንዛይም ይዘፈዘፋል፤ ሕዋሳቱም ይለያያሉ። ከዚያም ከፀጉር በቀጠነ ቦይ ውስጥ እንዲፈስሱ ይደረጋል። በቦዩ መገናኛ ላይ ዘይት ሲገባ ውኃው ይቆራረጥና እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ይሆናል፤ መጠኑም በአንድ ጠብታ ውስጥ አንድ ሕዋስና አንዲት ጥቃቅን ዶቃ እንዲገኙ ተደርጎ ይመጠናል። በዶቃዋ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አጫጭር የዲኤንኤ ክሮች ተተክለዋል፤ የአንዲት ዶቃ ክሮች ሁሉ ሌላ ዶቃ የማይጋራውን አንድ ምልክት ይይዛሉ። በጠብታው ውስጥ ሕዋሱ ሲፈርስ በውስጡ የነበሩት ቅጂዎች በዶቃዋ ክሮች ላይ ይለጠፋሉ፤ ምልክቱንም ይቀበላሉ።

ይህን በእህል አውድማ መመሰል ይቻላል። አንድ መቶ ገበሬዎች እህላቸውን ወደ አንድ ጎተራ ሊያስገቡ ቢፈልጉና እያንዳንዱ ገበሬ የራሱን ፍሬ ሁሉ በራሱ ቀለም ነክሮ ቢያስገባ፣ እህሉ ቢደባለቅም ኋላ የማን እንደ ሆነ በቀለሙ ይለያል። በዚህም ሥራ ምልክት የተቀበሉት ቅጂዎች ሁሉ በአንድነት ወደ ማንበቢያው መሣሪያ ይገባሉ፤ ኮምፒዩተሩም ምልክቱን እየተከተለ ይህ ቅጂ የዚህኛው ሕዋስ፣ ያኛው የዚያኛው ብሎ ይመልሳቸዋል። በመጨረሻም የሚመሳሰሉ ሕዋሳት በአንድ ወገን ይሰበሰባሉ። የካንሰር ሕዋሳት ለብቻ፣ የደም ሥር ሕዋሳት ለብቻ፣ ተዋጊ የመከላከያ ሕዋሳት ለብቻ፣ የደከሙትም ለብቻ ይቆጠራሉ።

ምን ተገለጠ?

በ2016 ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ከተያዙ 19 ሕሙማን የተወሰዱ 4,645 ሕዋሳት አንድ በአንድ የተነበቡበት ጥናት ታተመ። ከውጤቶቹ አንዱ ለሕክምና ብርቱ ትምህርት ያለው ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች ዕጢውን ለጊዜው ካቀለጡት በኋላ ካንሰሩ ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱ አይሠራበትም። ሐኪሞችም ካንሰሩ መድኃኒቱን ለመዳው ይሉ ነበር። ጥናቱ ግን መድኃኒቱ ገና ሳይጀመር መድኃኒቱን የመቋቋም ጠባይ ያላቸው ጥቂት ሕዋሳት በዕጢው ውስጥ ቀድመው እንደሚገኙ አሳየ። በጅምላ ንባብ እነዚህ ጥቂቶች በብዙዎቹ ድምፅ ተውጠው አይታዩም ነበር። ገበሬው ማሳውን አርሞ ሲጨርስ ሳያያት የቀረች አንዲት አቀንጭራ ዘርታ በሚቀጥለው ክረምት እርሻውን እንደምትሞላው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት አቪቭ ሬጌቭና ሣራ ታይክማን የተባሉ ተመራማሪዎች የመሩት፣ የሰው ሕዋሳት አትላስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ ኅብረት ተመሠረተ። ዓላማው በጤነኛ ሰው አካል ውስጥ ያሉትን የሕዋስ ዓይነቶች ሁሉ መመዝገብ ነው፤ የታመመውን ለመለየት አስቀድሞ ጤነኛውን ማወቅ ያስፈልጋልና። በ2021 ደግሞ በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከ26 የጡት ካንሰር ዕጢዎች ከመቶ ሺህ በላይ ሕዋሳትን አንብበው ዝርዝር ካርታ አወጡ። በሕክምና መዝገብ ላይ አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ዕጢዎች በውስጣቸው የያዟቸው ሕዋሳት ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ ታወቀ።

የደከመው ሠራዊት

ሰውነታችን ባዕድ ነገርንና የተበላሸ ሕዋስን የሚዋጋ የመከላከያ ሠራዊት አለው። ከእነዚህ መካከል ቲ ሴል የተባሉት ሕዋሳት የታመመ ሕዋስን ለይተው የመግደል ችሎታ አላቸው። ኃይላቸው ጤነኛውን አካል እንዳይጎዳም የሚገታቸው ልጓም በላያቸው ላይ ተደርጎላቸዋል። ካንሰር ይህን ልጓም ይዞ ይስበዋል፤ ሠራዊቱ ዕጢው ድረስ ደርሶ ሳይዋጋ ይቆማል። ልጓሙን የሚያላቅቁ መድኃኒቶች እንዲገኙ መንገድ የከፈቱት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል። ከእነዚህ መድኃኒቶች የመጀመሪያው በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2011 ነው።

ይሁን እንጂ መድኃኒቶቹ አንዱን ሕመምተኛ ፈጽመው ሲረዱት ሌላውን አይረዱትም። ለምን? የነጠላ ሕዋስ ንባብ እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ መልስ ሰጥቷል። በ2018 በታተመ የሜላኖማ ጥናት፣ መድኃኒቱ በሠራላቸው ሕሙማን ዕጢ ውስጥ ገና ያልደከሙና ራሳቸውን መተካት የሚችሉ ቲ ሴሎች በብዛት ተገኝተዋል፤ ባልሠራላቸው ሕሙማን ዕጢ ውስጥ ደግሞ የደከሙት በዝተው ታይተዋል። ልጓሙን ማላቀቅ የሚጠቅመው ሊሮጥ የሚችል ፈረስ ሲኖር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ስለዚህ ጥያቄው ሠራዊቱ መኖር አለመኖሩ ብቻ አይደለም፤ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህንም በዱቄት ማወቅ አይቻልም።

ወደ ቆቦ ማሳ ብንመለስ ይህን የሚመስል ሌላ ትምህርት እናገኛለን። የአቀንጭራ ዘር ከዓይን ሊሰወር የሚደርስ ጥቃቅን ነው፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያወጣው ኬሚካዊ ምልክት ሲደርሰው ነው። በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህን የሥርና የአረም ንግግር በማጥናት፣ ምልክቱን በጥቂቱ ብቻ የሚያወጡ ማሽላዎችን በማዳቀል አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አስገኝተዋል፤ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። በአገራችንም ጎቢዬና አብሽር የተባሉ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬው ደርሰዋል። አረሙን በመንቀል ብቻ ያልተቻለው፣ በአረሙና በማሽላው መካከል ያለውን ንግግር በማወቅ ተቻለ። የዕጢ ተመራማሪዎችም ዛሬ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ካንሰሩ ከጎረቤቶቹ ጋር በምን ምልክት እንደሚነጋገር አውቆ ንግግሩን መቁረጥ።

የኢትዮጵያ ሕሙማንና የወባ ነገር

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ባወጣው ግምት በ2020 በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች በካንሰር እንደ ተያዙና ከ51 ሺህ በላይ እንደ ሞቱ ይታሰባል። ከሴቶች መካከል የጡት ካንሰር ቀዳሚውን ሥፍራ ሲይዝ የማኅፀን በር ካንሰር ይከተለዋል።

የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። በዕጢው ሕዋሳት ላይ የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች፣ ደግሞም ኸር ቱ የተባለ ፕሮቲን መኖር አለመኖራቸው ይመረመራል፤ ሕክምናውም በዚህ ይወሰናል። ሦስቱም የሌሉበት ዓይነት ፈጥኖ የሚያድግና መድኃኒቱ ጥቂት የሆነ ነው። በአፍሪካ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ይህ ዓይነት ስለሚበዛ ለብዙ ጊዜ የአፍሪካ ዘር ሁሉ ዕጣ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ዶክተር ሊዛ ኒውማንና ባልደረቦቻቸው ግን ከጋናና ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ጋር ተባብረው የሁሉንም ሕሙማን ዕጢ አነጻጸሩ፤ በኢትዮጵያ በኩል አጋራቸው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። በ2016 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ሦስቱም ተቀባዮች የሌሉበት ዓይነት ከጋና ሕሙማን ከግማሽ በላይ በሆኑት፣ ከአፍሪካ አሜሪካውያን 30 ከመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ተገኘ። በኢትዮጵያውያን ላይ ግን 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር ተመሳሳይ ነበር። አፍሪካ አንድ ማሳ አለመሆንዋ በዚህ ታወቀ። በአዲስ አበባ የተደረጉ ሌሎች ጥናቶችም ከኢትዮጵያውያን የጡት ካንሰር ሕሙማን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ዕጢ እንዳላቸው አሳይተዋል። ይህም ታላቅ ነገር ነው፤ ለእነዚህ ሕሙማን ታሞክሲፈን የተባለው በአፍ የሚዋጥ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ አንጻር የማይከብድ ክኒን ይሠራልና።

ሌላም አስደናቂ ነገር አለ፤ ይህም የቆላውን ሕዝብ ይመለከታል። በራያ ቆቦ ቆላ ወባ የታወቀ በሽታ ነው። ቪቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው ዳፊ በተባለ ፕሮቲን በር በኩል ነው። በምዕራብ አፍሪካ የሚኖረው ሕዝብ ከጥቂቶች በቀር ይህ በር በቀይ ደም ሕዋሱ ላይ የለውም፤ ስለዚህ ቪቫክስ በዚያ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ ግን በሩ ያላቸውም የሌላቸውም አብረው ስለሚኖሩ ቪቫክስ በብዛት ይገኛል። ይህ ፕሮቲን ለወባ በር ከመሆኑ ሌላ የራሱ ሥራ አለው፤ የመከላከያ ሕዋሳትን ወደ ቁስል የሚጠሩትን መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች ይይዛል፣ ይመጥናልም። ዶክተር ሜሊሳ ዴቪስና ባልደረቦቻቸው በጡት ካንሰር ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ይህ ፕሮቲን በብዛት በሚሠራበት ዕጢ ውስጥ የመከላከያ ሕዋሳት በብዛት እንደሚገኙ አሳይተዋል። እንግዲህ አያት ቅድመ አያቶቻችን ከወባ ጋር ያደረጉት የረጅም ዘመን ትግል በደማችን ላይ የተወው ምልክት፣ ዛሬ ሰውነታችን ካንሰርን በሚዋጋበት ሁኔታ ላይ ድርሻ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

በ2022 እነዚሁ ተመራማሪዎች ሦስቱም ተቀባዮች የሌሉባቸውን የኢትዮጵያውያን፣ የጋናውያንና የአሜሪካውያን ዕጢዎች አር ኤን ኤ አንብበው ሲያነጻጽሩ፣ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ጋር የሚሄድ የዘረ መል አሠራርና የመከላከያ ሕዋሳት ልዩነት አግኝተዋል። ንባቡ ግን የጅምላ ንባብ ነበር፤ የሕዋሳቱ ዓይነትና ብዛት የተገኘው በስሌት ከአማካዩ ተገምቶ ነው። የትኛው ሕዋስ፣ በየትኛው ሁኔታ፣ ከማን ጋር እየተነጋገረ ይህን ልዩነት እንዳመጣ በቀጥታ የሚያሳየው የነጠላ ሕዋስ ንባብ ነው። እስካሁን ግን በዓለም ላይ ከተነበቡት ዕጢዎች የሚበዙት የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። የራያ ማሽላ ሳይታይ ስለ ማሽላ ሁሉ የተጻፈ መጽሐፍ ጎደሎ እንደሚሆን ሁሉ፣ የእኛ ሕሙማን ያልተቆጠሩበት የዕጢ ካርታም ጎደሎ ነው፤ በዚያ ካርታ ተመርቶ የሚሠራ መድኃኒትም ለእኛ እንዲሠራ ዋስትና የለውም።

የጥበቡ ወሰን

ይህ ሥራ ወሰን እንዳለውም መናገር ተገቢ ነው። ሕዋሳቱ ከሥጋው ሲለያዩ በዕጢው ውስጥ ማን ከማን አጠገብ ይኖር እንደ ነበር ይጠፋል፤ ለዚህም ሕዋሳቱን ከሥፍራቸው ሳያናውጡ የሚያነብቡ ሌሎች ስልቶች እየተጨመሩ ነው። አንዳንድ ሕዋሳት በመለያየቱ ሥራ ላይ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ከቁጥር ይጎድላሉ። ናሙናው ወዲያው መሠራት ወይም በጥንቃቄ በብርቱ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ወጪውም ከፍተኛ ነው። ከሁሉ በላይ ይህ ዛሬ በአብዛኛው የምርምር መሣሪያ እንጂ አንድ ሕመምተኛ ሆስፒታል ሄዶ የሚያዘው ተራ ምርመራ አይደለም። በዘረ መል ምርመራ ስም ተስፋ የሚሸጥ ማንኛውንም ሰው ምእመናን በጥንቃቄ ሊመለከቱት ይገባል።

ታዲያ ይህ ለቆቦዋ እናት ምን ይጠቅማታል?

በቆቦ የምትኖር አንዲት እናት በጡትዋ ላይ እባጭ ብታገኝ፣ ዛሬ የሚያስፈልጋት የነጠላ ሕዋስ ንባብ አይደለም። የሚያስፈልጋት ሳትዘገይ መታየት ነው። ከቆቦ እስከ ደሴ 170 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላው አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ሕሙማን ወረፋ በመጠበቅ ብዙ ጊዜ አጥተዋል። ሆኖም ከመንገዱ ርቀት ይልቅ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚያልፈው ዘመን ነው። የአገራችን የጡት ካንሰር ሕሙማን አብዛኞቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የመጀመሪያው እባጭ አያምምና ብዙዎች ችላ ይሉታል፤ ሌሎችም ያፍራሉ፤ ሌሎች ባልና ልጅ እንዳይጨነቁ ብለው ይሸሽጋሉ።

ከዕጢ ሳይንስ የተማርነው ይህን ዝምታ የሚቃወም ነው። ዕጢ በቆየ ቁጥር በውስጡ ያሉት የካንሰር ነገዶች ይበዛሉ፤ መድኃኒት የሚቋቋሙት ይጨምራሉ፤ የሰውነት መከላከያም ይደክማል። በጊዜ የተገኘ ካንሰር ግን ገና ጥቂትና ደካማ ነው። ስለዚህ ማንኛዋም ሴት በጡትዋ ወይም በብብትዋ አዲስ እባጭ፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ብታይ ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም ልትሄድ ይገባታል። አብዛኛው የጡት እባጭ ካንሰር አይደለም፤ ይህን መለየት የሚቻለው ግን በምርመራ ነው። እባጩን መተኮስ ወይም ማቁሰል አይገባም። ለማኅፀን በር ካንሰርም ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ቅድመ ምርመራ፣ ለልጃገረዶች ደግሞ በ2018 በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ክትባት አለ።

ጸበልና ሕክምና

በምእመናን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ጸበል የምትጠመቅ እናት መድኃኒት ብትወስድ እምነትዋን ማጉደል ይሆንባታልን? መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም ሊከበር እንደሚገባው፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተገኘ መሆኑን ያስተምራል። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ ይታወቃል። እንግዲህ ጸበልና ሕክምና የሚጣሉ አይደሉም፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም። ክኒን የታዘዘላት ክኒንዋን ይዛ ወደ ጸበል ትሂድ፤ ቀጠሮ ያላት ቀጠሮዋን አክብራ ትጠመቅ። የካንሰር ሕክምና በመካከል ሲቋረጥ የቀሩት ጥቂት ሕዋሳት ተመልሰው እንደሚበዙ ከላይ ካየነው ይረዳል። የንስሐ አባቶች፣ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራትም በዚህ ረገድ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። የታመመች እኅታቸው እስከ ደሴ የምትሄድበትን የመንገድ ወጪ ማዋጣት፣ ልጆችዋን መጠበቅ፣ አብሮ መሄድ ቀጠሮን እንድትፈጽም ያደርጋታል።

ናሙና ስለ መስጠትም አንድ ነገር እንጨምር። ሐኪም ለምርምር የሚሆን ትንሽ ናሙና ለመውሰድ ቢጠይቅ ሕመምተኛው ለምን እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ስሙ እንዴት እንደሚጠበቅ የመጠየቅ መብት አለው፤ ደግሞም እሺ ወይም እንቢ የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ እንቢ በማለቱም ሕክምናው ሊጓደልበት አይገባም። አውቆና ፈቅዶ የሚሰጥ ግን ምናልባት ለራሱ ባይደርስለት እንኳ ለልጆቹ ዘመን የሚጠቅም መልካም ሥራ ይሠራል። የኢትዮጵያውያን ዕጢ ጠባይ ከሌላው ምን ያህል የተለየ እንደ ሆነ የታወቀው፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሕሙማን እናቶች በሕመማቸው ጊዜ ናሙናቸውን ስለ ሰጡ ነው።

የቆቦ ገበሬ ማሳውን በጅምላ አያይም፤ አገዳ በአገዳ እየተመላለሰ ይጎበኘዋል፤ አቀንጭራንም አበባዋን ሳትበትን ሲያገኛት ይነቅላታል። የሕክምና ጥበብም ወደዚህ ትጋት እየደረሰ ነው። እኛም በበኩላችን ሕመማችንን ሳንሸሽግ፣ በጸሎትና በሕክምና በርትተን፣ የታመሙትንም ደግፈን ድርሻችንን እንወጣ። የታመሙትን ይማርልን፤ የሚያስታምሙትንም ያበርታልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር